ስሙ የጠፋ ዜማ፤ በጎጃም ደጋ በሚዞሩ የድምፅ ፋይሎች ላይ ስላለው መለያ ጽሑፍ

በደብረ ማርቆስ ከተማ፣ በመናኸሪያውና በገበያው አካባቢ፣ ለስልክና ለመኪና ዘፈን የሚጭኑ ትንንሽ ሱቆች ለብዙ ዓመታት ሲሠሩ ቆይተዋል። ደንበኛው ሚሞሪ ካርዱን ወይም ፍላሹን ይሰጣል፤ ባለ ሱቁም ከኮምፒዩተሩ እየመረጠ ይገለብጥለታል፤ ዘፈኑም ከዚያ ወዲያ ከስልክ ወደ ስልክ እየተላለፈ እስከ ደብረ ኤልያስ፣ እስከ ቢቸናና እስከ ሞጣ ይደርሳል። ድምፁ እንዳለ ይሄዳል። ከድምፁ ጋራ አብሮ መሄድ የሚገባው ስም ግን ብዙ ጊዜ በመንገድ ይቀራል፤ ወይም መልኩን ለውጦ ይደርሳል። የዘፋኙና የዘፈኑ ስም ሊጻፍበት በሚገባው ቦታ ላይ የጥያቄ ምልክቶች ተደርድረው፣ ወይም ትርጕም የሌለው የላቲን ፊደል ተዘበራርቆ፣ ወይም ባዶ ሣጥኖች ተሰልፈው ይታያሉ።

ለአድማጩ ይህ ትንሽ ችግር ነው፤ ድምፁን ሰምቶ ዘፋኙን ያውቀዋልና። ለታሪክ ጸሐፊና ለባህል ተመራማሪ ግን ነገሩ ሌላ ነው። አንድ ቀረርቶ ወይም አንድ እንጉርጉሮ በማን፣ የትና መቼ እንደ ተባለ የሚመሰክረው ይህ መለያ ጽሑፍ ብቻ የሆነበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ዘፋኙን በድምፁ የሚያውቁት ሽማግሌዎች ሲያልፉ ደግሞ ሌላ ምስክር አይኖርም። ስለዚህ ባለሙያዎች ታግ የሚሉትን፣ እኔም እዚህ መለያ የምለውን ጽሑፍ፣ የብራና ሊቃውንት የአንድን መጽሐፍ የግርጌና የኅዳግ ጽሑፍ በሚመረምሩበት ዐይን መመርመር ይገባናል። የሚከተለው ሐተታ የመለያው ፊደል በምን ምክንያት እንደሚበላሽ፣ ከብልሽቱም ውስጥ የትኛው እንደሚመለስና የትኛው እንደማይመለስ ለማሳየት የቀረበ ነው። ዓመተ ምሕረት ያልኩት ሁሉ በአገራችን አቆጣጠር ነው፤ የውጭውን ሳነሣ የአውሮፓ መሆኑን እገልጻለሁ፤ ይህን አስቀድሜ ማስታወቄም ያለ ምክንያት አይደለም፤ ኋላ ይታያል።

የስሙ መጥፋት ከኮምፒዩተር በፊት የጀመረ መሆኑን መዘንጋት አይገባም። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በ1900 ዓ.ም. ገደማ ወደ ጀርመን ሄደው የሀገራችንን ዜማ በሸክላ ካስቀረጹ ጊዜ ጀምሮ የዘፋኙ ስም የሚጻፈው ከሸክላው መካከል በተለጠፈው ወረቀት ላይ ነበር። ሸክላው ካልተሰበረ ስሙ ከድምፁ አይለይም። ከዚያ በኋላ የመጣው ካሴት ግን ስሙን በሣጥኑ ውስጥ በሚገባ ካርድ ላይ አደረገው፤ ካርዱም በቀላሉ ይወድቃል፤ ከአንዱ ሣጥን ወደ ሌላውም ይዛወራል። በካሴት ላይ የነበረው ድምፅ ወደ ኮምፒዩተር ሲገለበጥ ካርዱን አንብቦ ስሙን በእጁ የሚጽፍ ሰው ካልተገኘ ፋይሉ ቍጥር ብቻ ይዞ ይወለዳል። ሲዲም ቢሆን የተሻለ አልነበረም። የተለመደው የድምፅ ሲዲ የዘፈኖቹን ርዝመትና ቅደም ተከተል እንጂ ስማቸውን አይዝም፤ ስሙን የሚያመጣው የዘፈኖቹን ርዝመት ከአንድ የሩቅ መዝገብ ጋራ የሚያስተያይ ፕሮግራም ነው፤ በመዝገቡ ውስጥ ያልገባ የኢትዮጵያ ሲዲ ሲገለበጥ «ትራክ 01»፣ «ትራክ 02» እየተባለ ይቀጥላል። በጎጃም ከሚዞሩት ፋይሎች መካከል ስም አልባ የሆኑት ሁሉ ስማቸው የተበላሸ አይደሉም፤ ከመጀመሪያውም ያልተሰየሙ አሉ። እነዚህን በፊደል ጥገና ማዳን አይቻልም፤ መድኃኒታቸው የቀድሞውን ካሴት ፈልጎ ማግኘት ነው።

ኤምፒ3 የተባለው የድምፅ አጻጻፍ ዘዴ ሲበጅም ለስም የሚሆን ቦታ አልተተወለትም። ይህን ጉድለት ለመሙላት በአውሮፓ አቆጣጠር በ1996 ኤሪክ ኬምፕ የተባለ ሰው በፋይሉ መጨረሻ ላይ የምትቀጠል 128 ባይት የምትሆን ትንሽ መለያ አሰበ፤ ስሟም አይዲ3 ተባለ። ሦስት ባይት ለማወቂያ፣ 30 ለዘፈኑ ስም፣ 30 ለዘፋኙ፣ 30 ለአልበሙ፣ 4 ለዓመቱ፣ 30 ለአስተያየት፣ አንድ ለዘፈኑ ዓይነት ተመደበላቸው። ለእንግሊዝኛ አንድ ፊደል አንድ ባይት ስለሚበቃው ሠላሳው ቦታ ሠላሳ ፊደል ይይዛል። መለያው በምን ፊደል እንደ ተጻፈ የሚናገርበት ቦታ ግን አልነበረውም፤ አሳቢው የላቲንን ፊደል ብቻ ያሰበ ይመስላል።

የእኛ ፊደል ዛሬ በተለመደው ዩቲኤፍ-8 በተባለው አጻጻፍ እያንዳንዱ ሆሄ ሦስት ባይት ይወስዳል። እንግዲህ በሠላሳ ባይት ውስጥ የሚገባው ዐሥር ሆሄ ብቻ ነው፤ በቃላት መካከል ያለው ክፍት ቦታም አንድ አንድ ባይት ይቀንሳል። ይህ ምን እንደሚያስከትል ከዚሁ ከጎጃም በወጣ ሥራ ማሳየት ይቻላል። በደብረ ማርቆስ አውራጃ የተወለዱት ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በኢትዮጵያ ሬዲዮ የተተረከ ሲሆን፣ ትረካው በብዙ ክፍል ተከፋፍሎ እስከ ዛሬ ከስልክ ወደ ስልክ ይዞራል። የመጽሐፉ ስም ዐሥር ሆሄና ሁለት ክፍት ቦታ አለው፤ ይኸውም 32 ባይት ነው። በአሮጌው መለያ ውስጥ ሲገባ እስከ «መቃብ» ድረስ 29 ባይት ይሆንና ከመጨረሻዋ «ር» ሦስት ባይቶች አንዷ ብቻ ትገባለች። ስለዚህ የመጽሐፉ ስም «ፍቅር እስከ መቃብ» ሆኖ ከኋላው አንድ የተሰበረ ምልክት ይከተለዋል። የከፋው ግን ከዚህ በኋላ ያለው ነው፤ ከስሙ ቀጥሎ «ክፍል 1»፣ «ክፍል 2» ተብሎ የተጻፈው ሁሉ ስለሚቈረጥ ክፍሎቹ በሙሉ አንድ ስም ይይዛሉ፤ የፋይሎቹም ተራ ከተፋለሰ አድማጩ የሰብለ ወንጌልን ታሪክ ከመጨረሻው ይጀምራል። በኋላ ከአስተያየቱ ቦታ መጨረሻ ሁለት ባይት ተወስዶ ለተራ ቍጥር እንዲሆን ተደርጓል፤ ቢሆንም ቍጥሩን የሚሞላ ሰው ሲገኝ ነው።

ከዩኒኮድ በፊት የነበረው ዘመን ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። በኮምፒዩተር በአማርኛ መጻፍ ሲጀመር የፊደላችን ብዛት ችግር ሆነ። ሠላሳ ሦስቱ ሆሄያት በሰባት ሲባዙ 231 ናቸው፤ ዲቃሎቹና ቍጥሮቹ ሳይጨመሩ ማለት ነው። አንድ ባይት 256 ቦታ ብቻ አለው፤ ከዚያም ውስጥ ከፊሉ ለመቈጣጠሪያ ምልክት የተያዘ ነው። ስለዚህ የሶፍትዌር ሠሪዎቻችን ፊደሉን በሁለትና ከዚያ በላይ በሆነ ፎንት ከፋፈሉት፤ ወይም ሆሄውን ከግንድና ከቅጥያ እየገጣጠሙ አሠሩት። የኢንጂነር አያና ብሩን የአማርኛ ጽሕፈት መኪና የሚያስታውስ አንባቢ ችግሩ አዲስ አለመሆኑን ያውቃል፤ ያም መኪና ፊደላችንን በጥቂት መምቻዎች ለማዳረስ የተደረገ ትግል ነበር። ቪዥዋል ግዕዝ፣ ፓወር ግዕዝና ሌሎቹም እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን የቦታ አመዳደብ ስለ ተከተሉ፣ በአንዱ «መ» የሆነው በሌላው ሌላ ነው። በጽሑፍ ገጽ ላይ ይህ ብዙ አይጎዳም፤ ፎንቱን መርጦ ማንበብ ይቻላልና። በዘፈን መለያ ላይ ግን ፎንት የሚመረጥበት ቦታ የለም። ማጫወቻው የተጻፈውን ሁሉ በላቲን ስለሚያነበው፣ በአዲስ አበባ ወይም በዋሽንግተን በጥንቃቄ የተጻፈ ስም የላቲን ፊደልና የሥርዓተ ነጥብ ቅልቅል ሆኖ ይታያል።

እንዲህ ያለው መለያ ግን አልጠፋም። ባይቶቹ እንዳሉ ናቸው፤ የጠፋው በየትኛው ፎንት እንደ ተጻፉ የሚናገረው ዕውቀት ነው። መርማሪው የየሶፍትዌሩን የአመዳደብ ሠንጠረዥ ይዞ አንድ በአንድ ይሞክራል፤ ትክክለኛው ሲገኝ ቃሉ ባንድ ጊዜ ይገለጻል፤ ካልተገኘ ደግሞ የተዘበራረቀው ሌላ ዝብርቅ ይሆናል። ለማጣራት የሚረዳው ሁልጊዜ የሚደጋገም ቃል መፈለግ ነው። የብዙ ካሴት መለያ «ሙዚቃ» ወይም «ዘፈን» ወይም «ጎጃም» የሚል ቃል ስላለበት በተከታታይ ፋይሎች ላይ ባንድ ቦታ የሚመላለሰው ዝብርቅ ቍልፍ ሆኖ ያገለግላል። ያልታወቀ ጥንታዊ ጽሑፍን የፈቱ ሊቃውንት በነገሥታት ስም እንደ ጀመሩ ማለት ነው።

የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ የገባው በሦስተኛው ዕትም፣ በአውሮፓ አቆጣጠር በመስከረም 1999 ነው። ከ4608 እስከ 4991 ያለው 384 ቦታ ለእኛ ተከለለ፤ በመጀመሪያው ጊዜም 345 ምልክቶች ተሞሉበት። አይዲ3ም በዚያው ዘመን ታድሶ ነበር። በ1998 በአውሮፓ አቆጣጠር ሁለተኛው ዝርያ ወጣ፤ ርዝመቱም በሠላሳ ባይት መወሰኑ ቀረ፤ ከእያንዳንዱ ጽሑፍ በፊትም ፊደሉ በምን እንደ ተጻፈ የምትናገር አንዲት ባይት ተጨመረች። ዜሮ ብትሆን ላቲን ነው፤ አንድ ብትሆን በሁለት ባይት የተጻፈ ዩኒኮድ ነው፤ ሦስት ብትሆን ዩቲኤፍ-8 ነው፤ ይህች የመጨረሻይቱ በ2000 በአውሮፓ አቆጣጠር በወጣው በአራተኛው ማሻሻያ የተፈቀደች ናት። ከዚህ በኋላ የሚደርሰው ስሕተት በአብዛኛው የሚመጣው ይህች ባይት ውሸት ስትናገር ነው። ጽሑፉን በዩቲኤፍ-8 ጽፎ «ላቲን ነው» ብሎ የሚፈርም ፕሮግራም ሞልቷል፤ የዊንዶውስም ማጫወቻ አራተኛውን ማሻሻያ ለብዙ ዓመታት ስላላነበበ ሰዎች ወደ አሮጌው ዝርያ እየመለሱ ይጽፉ ነበር።

የዚህ ብልሽት ምልክቱ አይሳሳትም። የግዕዝ ሆሄ ሁሉ በዩቲኤፍ-8 በ225 ይጀምራል፤ 225 ደግሞ በላቲን ሰንጠረዥ ከላዩ ጭረት ያለበት ትንሹ ኤ ነው። ይህ ባለ ጭረት ኤ በየሦስት ቦታው እየተመላለሰ ከታየ፣ መለያው አማርኛ ለመሆኑ ጠንካራ ማስረጃ ነው። መልሶ ማንበብም ቀላል ነው፤ የላቲኑን ወደ ባይት መልሶ ባይቶቹን በዩቲኤፍ-8 ማንበብ ነው። ነገር ግን እዚህ ላይ አንድ ስውር ወጥመድ አለ፤ የብራና ጽሑፍ ለሚያርም ሰው ደስ የሚያሰኝ ነገር ስለ ሆነ በሰፊው ልንገረው።

ዊንዶውስ በሚሠራበት የላቲን ሰንጠረዥ ውስጥ አምስት ቦታዎች ባዶ ናቸው፤ እነርሱም 129፣ 141፣ 143፣ 144ና 157 ናቸው። የተበላሸው ስም በእነዚህ ቦታዎች ላይ የሚያርፍ ባይት ካለበት፣ አንዳንድ ፕሮግራም ሲገለብጠው ያቺን ባይት ጥሎ ያልፋታል ወይም በጥያቄ ምልክት ይተካታል። «ጎጃም» የሚለውን ቃል እንመልከት። «ጎ» 225፣ 140፣ 142 ነው፤ «ጃ» 225፣ 140፣ 131 ነው፤ «ም» 225፣ 136፣ 157 ነው። ሁለቱ ሆሄያት በደኅና ያልፋሉ፤ ከ«ም» ግን የመጨረሻዋ ባይት ትጠፋለች። ስሙን መልሰን ስናነብ «ጎጃ» ብሎ ቀጥሎ ጐዶሎ ይመጣል። ነገር ግን የጠፋችው ባይት ከአምስቱ አንዷ መሆን አለባት፤ ከ225ና ከ136 ጋራ ስናገናኛቸው የሚወጡት «ሁ»፣ «ል»፣ «ሏ»፣ «ሐ» እና «ም» ብቻ ናቸው። ከእነዚህ «ጎጃ» የሚለውን የሚፈጽም አንዱ ነው። «ፍቅር» የሚለው ቃል የባሰ ነው፤ «ፍ» 225፣ 141፣ 141 ስለ ሆነ ሁለቱም ባይቶች ይጠፋሉ፤ ሆኖም በግዕዝ ክልል ውስጥ የሚቻሉት ሆሄያት «ፁ»፣ «ፍ»፣ «ፏ» እና «ፐ» ብቻ ናቸው፤ ከ«ቅር» በፊት ሊቆም የሚችለው የታወቀ ነው። እንዲህ ያለ ማረሚያ ግምት ሳይሆን በቍጥር የተወሰነ ማስረጃ ነው፤ ብራና የሚያርሙ ሊቃውንት በብል የተበላ ሆሄ ሲያጋጥማቸው ይህን የመሰለ ወሰን ቢያገኙ ምንኛ በወደዱ። «ም» እና «ል» በቋንቋችን እጅግ የሚመላለሱ ሆሄያት ስለ ሆኑ ጐዶሎው በብዙ መለያ ላይ ይገኛል፤ ሰው ግን ፋይሉ ፈጽሞ የጠፋ እየመሰለው ይተወዋል።

በሁለት ባይት የሚጻፈው ዩኒኮድም የራሱ በሽታ አለው። ሁለቱ ባይቶች ከየትኛው ጫፍ እንደሚነበቡ የምትነግረው ምልክት ከጠፋች ቅድምና ኋላቸው ይገለበጣል። «ጎ» 19ና 14 ናት፤ ተገልብጣ 14ና 19 ስትሆን የታይላንድ ፊደል ትሆናለች። በአንድ የጎጃም ዘፈን ላይ የታይላንድ ፊደል ሲታይ ዘፈኑ ሩቅ ምሥራቅ ደርሶ የተመለሰ ይመስላል፤ የተደረገው ግን የሁለት ባይቶች መቀያየር ብቻ ነው፤ መልሶ መገልበጥ ይበቃዋል።

የጥያቄ ምልክት ብቻ የተደረደረበት መለያ ከሁሉ የከፋ ነው። ፕሮግራሙ አማርኛውን ወደ ላቲን ሊለውጥ ሞክሮ ቦታ ስላላገኘለት እያንዳንዱን ሆሄ በአንድ የጥያቄ ምልክት ተክቶታል፤ በፋይሉ ውስጥ የሚገኘውም 63 የተባለው የጥያቄ ምልክቱ ባይት ራሱ ነው። ከዚህ የሚመልስ ሠንጠረዥ የለም። ሆኖም ፈጽሞ ባዶ እጅ አይሰድም፤ የሆሄያቱ ቍጥርና የቃላቱ መለያያ ይቀራሉ። ሦስት ምልክት፣ ክፍት ቦታ፣ አራት ምልክት ከታየ «ደብረ ማርቆስ» ሊሆን ይችላል፤ «መንቆረር» ግን ሊሆን አይችልም። (የከተማይቱ የቀድሞ ስም መንቆረር መሆኑን፣ የዛሬውንም ስም ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በቅዱስ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን እንደ ሰጧት አንባቢ ያስታውሳል፤ በዘፈን ውስጥ ሁለቱም ስሞች ይነሣሉ።) የአልበሙ የዘፈኖች ዝርዝር ከካሴቱ ካርድ ላይ ከተገኘ፣ የጥያቄ ምልክቶቹን ቍጥር ከዝርዝሩ ጋራ በማስተያየት ብዙውን ጊዜ እያንዳንዱን ዘፈን ወደ ስሙ መመለስ ይቻላል።

ስለ ሣጥኖቹ የሚባለው ጥቂት ነው። ሣጥን በታየበት መለያው ደኅና ነው፤ መሣሪያው የግዕዝ ፎንት ስለሌለው ብቻ ነው። ዊንዶውስ የግዕዝን ፎንት ከራሱ ጋራ ይዞ የመጣው በአውሮፓ አቆጣጠር በ2007 በወጣው ቪስታ በተባለው ዝርያ ነው፤ የመኪና ማጫወቻዎችና ርካሽ ስልኮች ግን ዘግይተዋል፤ ያላገኙም አሉ። እንዲህ ያለውን ፋይል ማረም ማለት ደኅናውን ማበላሸት ነው፤ ብዙ ደግ መለያም በዚህ ምክንያት በላቲን ፊደል ተተክቶ ጠፍቷል።

ከሚታየው ብልሽት ይልቅ የማይታየው ይበልጥ ያሳስበኛል። የዘፈኑን ዓይነት የምትናገረው ባይት በመጀመሪያው ዝርዝር ከ0 እስከ 79 ያሉ ስሞች ነበሯት፤ ዜሮ ቍጥሩ ብሉዝ ነው። ማንም ሳይሞላት ዜሮ ሆና የቀረች ባይት «ብሉዝ» ተብላ ትነበባለች። ስለዚህ ፉከራም፣ ቀረርቶም፣ የሠርግ ዘፈንም ብሉዝ ተብለው ይገኛሉ፤ የሚቀርባቸው 48ኛው፣ «የነገድ» የሚለው ነው፤ እርሱም ምንም አይናገርም። ወደ ፊት አንድ የውጭ አገር ተማሪ የጎጃም አዝማሪ ከአሜሪካ ጥቍሮች ዜማ ጋራ ራሱን እንዳዛመደ የሚያስረዳ ድርሰት በዚህ ማስረጃ ቢጽፍ አልደነቅም።

ዓመቱም እንዲሁ ነው። አራት አኃዝ ብቻ የሚይዘው ቦታ በየትኛው አቆጣጠር እንደ ተጻፈ አይናገርም። «1983» ተብሎ የተጻፈ መለያ በአገራችን አቆጣጠር ከሆነ ግንቦት ላይ ደርግ የወደቀበት ዓመት ነው፤ በአውሮፓ ከሆነ ግን ደርግ በሥልጣን ላይ ሳለ ያለው 1975ና 1976 ዓ.ም. ነው። ስለ ዘመቻ ወይም ስለ ሹም የሚናገር አንድ ስንኝ በሁለቱ ዘመኖች የሚኖረው ትርጕም ፍጹም የተለያየ ነው፤ በአንደኛው ድፍረት የሆነው በሁለተኛው ድል አድራጊን ማወደስ ሊሆን ይችላል። ሰሙን ትቶ ወርቁን ለሚፈልግ መርማሪ ይህ ትንሽ ልዩነት አይደለም።

አንዳንድ ሰዎች ይህን ሁሉ ጣጣ ለማምለጥ መለያውን ሁሉ በላቲን ፊደል መጻፍ ይሻላል ይላሉ። በማንኛውም መሣሪያ ይነበባልና ምክራቸው ከንቱ አይደለም። እኔ ግን አልቀበለውም። በተለመደው የላቲን አጻጻፍ «ቀበረ» እና «ከበረ» አንድ ይሆናሉ፤ «ጠ» ከ«ተ» አይለይም። የቅኔ አገር በሆነችው በጎጃም፣ ዋሸራንና ዲማን በመሰሉ ጉባኤ ቤቶች ጥላ ሥር ባደገ ዜማ ላይ፣ የተቀበረውንና የከበረውን የማይለይ ስያሜ መጻፍ ከዝምታ የባሰ ነው። «ጎጃም» የሚለው ስም ራሱ በላቲን በአንድ ጄና በሁለት ጄ ስለሚጻፍ ባንድ ፍላሽ ላይ ሁለት አገር ሆኖ ይገኛል። በእርግጥ ፊደላችንም ነቀፋ አያጣም፤ «ኃይሌ»፣ «ሀይሌ»፣ «ሃይሌ» ተብሎ የተጻፈ አንድ ዘፋኝ በኮምፒዩተር ዘንድ ሦስት ሰው ነው። ይህ ግን የሚታረመው በአንድ የስም መዝገብ እንጂ ፊደሉን በመጣል አይደለም።

ስሙ መጥፋቱ በእንጀራም ላይ የሚመጣ ነገር ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 410 ሥራውን ያመነጨው ሰው ደራሲነቱ እንዲታወቅለት የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል፤ ለሙዚቃ ከዋኞችም ተዛማጅ መብት አቁሟል። በሱቅ የሚጫነው ዘፈን አብዛኛውን ጊዜ ለባለቤቱ የሚከፍለው ነገር እንደሌለ የታወቀ ነው፤ ነገር ግን ክፍያ በሥርዓት እንዲሰበሰብ በተፈለገ ጊዜ ስሙ በጥያቄ ምልክት የተተካ አዝማሪ ወይም ወራሹ በምን ይጠይቃል?

የማረሙን ሥራ በተመለከተ ከብራና ሊቃውንት ልማድ ሌላ አዲስ ሕግ አያስፈልግም። ፋይሉ ከመነካቱ በፊት እንዳለ አንድ ቅጂ ይቀመጥ። አሮጌው መለያ ከፋይሉ መጨረሻ፣ አዲሱ ከፋይሉ መጀመሪያ ስለሚገኙ ሁለቱም ለየብቻ ይነበቡ፤ የፊተኛው ተበላሽቶ የኋለኛው ደኅና የሆነበት፣ ወይም የኋለኛው የፊተኛውን ዐሥር ሆሄ የሚያረጋግጥበት ጊዜ አለ። የፋይሉም ስም ሦስተኛ ምስክር ነው፤ ፋይሉን የሰየመው ሰው መለያውን ከጻፈው ሰው ሊለይ ይችላልና። የታረመው ስም በዩኒኮድ ሲጻፍ የተበላሸው ንባብ በአስተያየቱ ቦታ እንዳለ ይቀመጥ፤ በማስረጃ የተመለሰው ከተገመተው ይለይ፤ ዓመቱ በአስተያየቱ ውስጥ ከነአቆጣጠሩ ይጻፍ። ብዙ ፋይሎችን ባንድ ትእዛዝ የሚያርሙ ፕሮግራሞች አሉ፤ ጠቃሚዎች ናቸው፤ ነገር ግን በአንድ ሠንጠረዥ የተጻፈውንና በሌላ የተጻፈውን ሳይለዩ ሁሉን ባንድ ላይ ካሄዱበት ደኅናውን ከበሽተኛው ጋራ ያበላሹታል።

የቤተ ክርስቲያን ዜማ በዚህ ነገር ውስጥ የተለየ ቦታ አለው። ሊቃውንቱ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን በአዛዥ ጌራና በአዛዥ ራጉኤል ተሠራ የሚሉት የዜማ ምልክት ራሱ በቃል ላይ የተጻፈ መለያ ነው። ከቃሉ በላይ በደቂቅ የምትጻፈው አንዲት ወይም ሁለት ፊደል ዜማውን አትይዝም፤ ተማሪው አስቀድሞ በቃሉ ያጠናውን የሌላ ቃል ዜማ ታስታውሰዋለች እንጂ። መምህር ያላስተማረው ሰው ፊደሏን ያነባታል፤ ዜማዋን ግን አያገኛትም። የዜማው ቅርጽ ምልክቶች በዩኒኮድ የገቡት በአውሮፓ አቆጣጠር በ2005 በወጣው ዕትም ነው፤ ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ አጭር ርክርክ፣ ድፋት፣ ቅናት፣ ጭረት፣ ሂደት፣ ደረት ሂደትና ቍርጥ፣ ባጠቃላይ ዐሥር ናቸው። ሆኖም የገቡት እንደ ተራ ምልክት ሆነው ከሆሄው ጐን የሚቆሙ እንጂ ከላዩ የሚወጡ አይደሉም። በደብረ ማርቆስ ዙሪያ ካሉ ጉባኤ ቤቶች የተቀዳ ዜማ መለያ ሲጻፍለት፣ የዜማው ስልት፣ ግዕዝ፣ ዕዝል ወይም አራራይ መሆኑ፣ በቃል መጻፍ ይችላል፤ ምልክቱን በቦታው ለማሳየት ግን የድጓው ገጽ ፎቶግራፍ ተነሥቶ ከፋይሉ ጋራ መያያዝ አለበት፤ ሁለተኛው የአይዲ3 ዝርያ ለሥዕል የሚሆን ቦታ አለው፤ ዛሬ ይህን ቦታ የሚሞላው አብዛኛውን ጊዜ የዘፋኙ ፎቶግራፍ ነው።